መታሰር፣ ዋስትና፣ ብርበራ፦ ፍርድ ቤቶች የነፃነትንና የግል ሕይወትን አንቀጾች እንዴት ያነቧቸዋል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

«የሕገ መንግሥት ትርጉም» ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ታላቅ አዳራሽና ረጅም ውሳኔ ነው። በአገራችን ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 (የነፃነት መብት)፣ አንቀጽ 19 (የተያዙ ሰዎች መብት) እና አንቀጽ 26 (የግል ሕይወት) ትርጉም ከሁሉ በላይ የሚሠራው በጊዜ ቀጠሮ ችሎት ነው። መርማሪ ፖሊስ ቆሞ ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል፣ ተጠርጣሪው ይቃወማል፣ ዳኛው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይወስናል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የተመረጡት ይህን ቦታ በማሰብ ነው።

መደበኛ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ይችላል ወይ? ይህ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥራ አይደለም?

የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 62(1) እና አንቀጽ 83 ሕገ መንግሥታዊ ክርክርን የመወሰን ሥልጣን ለእሱ ሰጥተዋል። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ደግሞ 11 አባላት ያሉት አካል ነው፤ የቀረበለትን ጉዳይ አጥንቶ ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ ለምክር ቤቱ ይመራዋል፣ አያስፈልገውም ካለ ወደ መጣበት ፍርድ ቤት ይመልሰዋል። በዚህ ቅር የተሰኘ ወገን ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል።

ይህ ማለት ግን ዳኛ ሕገ መንግሥቱን እንዳላየ ያልፋል ማለት አይደለም። አንቀጽ 13(1) የሰብዓዊ መብቶችን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ግዴታ የጣለው በየደረጃው ባሉ የዳኝነት አካላት ላይም ነው፣ የማያነቡትን ደግሞ ማስከበር አይቻልም። ልዩነቱ በተግባር እንዲህ ነው፦ «ፖሊስ በ48 ሰዓት ውስጥ ስላላቀረበኝ ልፈታ» ማለት አንቀጽ 19ን ማስፈጸም ስለሆነ ማንኛውም ሥልጣን ያለው ችሎት ይወስነዋል። «ይህ አዋጅ ራሱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል» ከተባለ ግን መንገዱ በአጣሪ ጉባኤው በኩል ነው። ጉዳያቸው የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ሳለ አቤቱታቸውን በሁለተኛው ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ዳኛው «ይህ የትርጉም ጥያቄ ነው» ብሎ እንዲገፋው በር የሚከፍቱለት ራሳቸው ናቸው። አቤቱታው ላይ «ይተርጎምልኝ» ከማለት «አንቀጽ 19(4) ይፈጸምልኝ» ማለት ይሻላል።

አንቀጽ 17 «በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ» ይላል። ሕግ አውጪው ያወጣው ማንኛውም ሥርዓት ይበቃል ማለት ነው?

የነፃነት ሕግ ዋና ክርክር ያለው እዚህ ነው። ጠባቡ ንባብ «አዋጅ አለ? ፖሊስ አዋጁን ተከትሏል? ካለና ከተከተለ እስሩ ሕጋዊ ነው» የሚል ነው። ሰፊው ንባብ ግን ሥርዓቱ ራሱ ምክንያታዊና ከዘፈቀደ የራቀ እንዲሆን ይጠይቃል።

በዚህ ረገድ ከሌላ አገር ብዙ የሚያስተምረው የሕንድ ተሞክሮ ነው፤ የዚያ አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 የሚጠቀምበት ሐረግ ከእኛው ጋር እጅግ ይቀራረባልና። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 በጎፓላን ጉዳይ ጠባቡን ንባብ ያዘ፦ ሕግ አውጪው ካወጣው በቃ። እ.ኤ.አ. በ1978 በማኔካ ጋንዲ ጉዳይ፣ ፓስፖርቷ በተወሰደባት ሴት አቤቱታ ላይ፣ ሥርዓቱ ፍትሐዊና ምክንያታዊ ካልሆነ «ሥርዓት» ሊባል አይገባም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዘጠኝ ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ በስም ያልተጻፈውን የግላዊነት መብት ከዚያው ከነፃነት አንቀጽ አወጡት። የአንቀጹ ቃላት እንዳሉ ናቸው፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው።

እኛ ዘንድ ሰፊውን ንባብ ለመደገፍ ከውጭ መበደር ብዙም አያስፈልግም። አንቀጽ 13(2) መብቶቹ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 9 የዘፈቀደ እስርን ይከለክላል። «ዘፈቀደ» ደግሞ ከ«ሕገወጥ» የሰፋ ቃል ነው፤ ሕግ ጠቅሶ የተፈጸመ እስርም ዘፈቀደ ሊሆን ይችላል። የውጭ ፍርድ ቤት ውሳኔ ዳኛውን አያስገድደውም፤ ለማሳመኛ ይጠቅማል። አስገዳጅ የሚሆነው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ነው፣ እሱንም አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ አጽንቶታል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ ክርክርዎን በእንግሊዝኛው ቃል ላይ ብቻ አይትከሉ።

48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ቅዳሜና እሑድስ ይገባሉ?

የሚቆጠረው ሰውዬው ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። ጣቢያ ደርሶ በመዝገብ ከሰፈረበት ሰዓት ወይም ቃሉን ከሰጠበት ቀን አይጀምርም። አንቀጽ 19(3) ከቁጥሩ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ። ስለ በዓልና ስለ እሑድ የሚናገር ቃል የለውም።

በሰዓት እናስላው። ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተያዘ ሰው 48 ሰዓቱ የሚሞላው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ፖሊስ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ካቀረበው 18 ሰዓት አሳልፏል። ፍርድ ቤቱ ከጣቢያው የአንድ ሰዓት መንገድ ከሆነ «ጉዞ ነው» የሚለው መልስ አንዷን ሰዓት እንጂ አሥራ ስምንቱን አይሸፍንም። ፖሊስ እንዲህ ያለውን መዘግየት «ችሎት ዝግ ነበር» በሚል ያልፈዋል፤ እኛ ግን አንቀጹ ይህን ምክንያት አያውቀውም ባይ ነን።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ማስረጃ ነው። የመያዣው ሰዓት በፖሊስ መዝገብ ላይ ወደ ማግስቱ ሲገፋ ሁሉም ስሌት ይፈርሳል። ስለዚህ ቤተሰብ ሰውዬው የተያዘበትን ሰዓትና ቦታ፣ የያዙትን ሰዎች ብዛትና ያዩትን እማኞች በዚያው ቀን ይጻፍ። ተጠርጣሪውም ችሎት ፊት መጀመሪያ በሚናገርበት ጊዜ «የተያዝኩት በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ነው» ብሎ መዝገብ ላይ ያስፍር።

ፖሊስ 14 ቀን ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ የመፍቀድ ግዴታ አለበት?

የለበትም። 14 ቀን ጣሪያ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 የሚለው አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይብለጥ ነው፤ 14 ይሰጥ አላለም። አንቀጽ 19(4) ደግሞ ለምርመራው «የሚያስፈልገው ጊዜ» ብቻ እንዲፈቀድ ያስገድዳል። ሦስት ቀን የሚበቃው ሥራ ሦስት ቀን ነው የሚሰጠው።

የሕጉ ክፍተት ሌላ ቦታ ነው፦ በመደበኛ ወንጀል 14 ቀን ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ቁጥር 59 አይናገርም። ክርክሩ ስለዚህ የሚሆነው በሥራው ዝርዝር ላይ ነው። መርማሪው ብዙ ጊዜ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ የምስክር ቃል አልተቀበልንም፣ ግብረ አበር አልተያዘም፣ የሕክምና ማስረጃ አልመጣም፣ ከባንክ መረጃ ጠይቀናል። እነዚህን አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል። ከባንክ ወይም ከሆስፒታል የሚመጣ ሰነድ በተቋሙ እጅ ስላለ ተጠርጣሪው ቢፈታ ሊያጠፋው አይችልም። ግብረ አበርን መያዝ የፖሊስ ሥራ ስለሆነ የተያዘው ሰው ላልተያዘው መያዣ አይሆንም። ምስክር ይባበላል የሚለው ግን ከባድ ምክንያት ነው፤ እዚያ ላይ «ስንት ምስክር ቀረ? ባለፈው ቀጠሮ ስንት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ትልቁ መሣሪያ የመጀመሪያው ትእዛዝ ግልባጭ ነው። መርማሪው ያኔ ያመጣው ምክንያትና ዛሬ ያመጣው ቃል በቃል አንድ ከሆኑ «በተሰጠው 14 ቀን ምን ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል። ዳኛው የምርመራ መዝገቡን አስቀርቦ እንዲያየው ይጠይቁ። በቃል የተነገረውንና በመዝገቡ ላይ ያለውን ማነጻጸር የችሎቱ ሥልጣን ነው።

በሽብር ጉዳይ ነገሩ የተለየ ነበር። በተሻረው አዋጅ ቁጥር 652/2001 አንድ ቀጠሮ ከ28 ቀን አያንስም፣ ጠቅላላውም ከአራት ወር አይበልጥም ነበር። ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። ስለዚህ በድሮው ቁጥር የሚከራከር መርማሪ ካጋጠመ ይህን ማንሳት ያስፈልጋል።

ምርመራው አልቋል፣ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው፣ ክስ ግን አልመጣም። ሰውዬው በምን ሕግ ነው የታሰረው?

ይህን ጥያቄ ችሎት ፊት በግልጽ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው፣ መነሳት ግን አለበት። ጊዜ ቀጠሮ ለምርመራ የሚሰጥ ነው። ምርመራው ካለቀ ያ መሠረት ወድቋል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 109 ዐቃቤ ሕግ መዝገቡ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲያዘጋጅ ተደንግጓል፤ ይህ ግን ለዐቃቤ ሕግ የሥራ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ለብቻው የማሰሪያ ትእዛዝ አይሆንም። አንቀጽ 17(2) ያለ ክስ መታሰርን ስለሚከለክል፣ በዚህ መሃል ዋስትና የመጠየቅ መብት በጣም ጠንካራ ነው።

ዋስትና መቼ ይከለከላል?

መነሻው አንቀጽ 19(6) ነው፦ የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው። መፈታት ደንቡ፣ መከልከል ልዩ ሁኔታው ነው። ልዩ ሁኔታ ደግሞ በጠባቡ ይተረጎማል፤ ይህ የቆየ የአተረጓጎም መርሕ ነው።

መከልከያዎቹ በሁለት በር ይመጣሉ። አንደኛው በወንጀሉ ክብደት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂው የማይሞት ሲሆን ሰውዬው በዋስ ሊለቀቅ እንደሚችል ይናገራል። ዋስትና የሚቀረው ሁለቱ ነጥቦች አብረው ሲገኙ ነው ወይስ አንዱ ብቻውን ይበቃል የሚለው ክርክር ሰው ባልሞተበት ከባድ ወንጀል ላይ ይነሳል። መብቱ ሕገ መንግሥታዊ ስለሆነ ለመብቱ የሚያደላው ንባብ መመረጥ አለበት የሚለው መከራከሪያ ለእኛ ሚዛን ይደፋል። ልዩ ሕጎችም አሉ። በ1993 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሙስና ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 239፣ በሙስና የተያዘን ሰው ዋስትና በጅምላ ከልክሎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 434/1997 ክልከላውን ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡት ላይ ወሰነው። የአደገኛ ቦዘኔነት አዋጅ ቁጥር 384/1996ም ዋስትና ከሚከለክሉት ነው።

የአንቀጽ 19(6) አማርኛ እዚህ ላይ በጥሞና ይነበብ። «በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች» ዋስትና ላለመቀበል የሚችለው «ፍርድ ቤት» ነው ይላል። ሕጉ ሁኔታውን ይደነግጋል፣ የሚመዝነው ዳኛው ነው። ዳኛው የሚመዝነው ምንም ሳይተውለት በር የሚዘጋ አዋጅ ከዚህ አንቀጽ ጋር እንዴት ይታረቃል? ጥያቄው በር ለተዘጋበት ደንበኛ ወደ አጣሪ ጉባኤው የሚወስድ በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው በር ቁጥር 67 ነው፦ የዋስትና ግዴታውን አክብሮ አይቀርብም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ወይም ምስክር ያባብላል ማስረጃም ያጠፋል ተብሎ ሲገመት። ግምቱ ግን ከጭብጥ መነሳት አለበት። «ቢወጣ ይሰወራል» የሚል ዐቃቤ ሕግ ለምን እንደሚል ይጠየቅ። በተቃራኒው ቋሚ አድራሻ፣ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ሲጠራ በራሱ መቅረቡ የሚያሳይ ሰነድ ካለ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ።

የዋስትናው ልክም ከአቅም በላይ ሲሆን የመከልከል ያህል ነው። ቁጥር 69 መጠኑ ሲወሰን የተከሳሹና የዋሶቹ አቅም እንዲታይ ያዛል። ዋስትና የተከለከለ ሰው በቁጥር 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይግባኝ ይላል።

ዋስትና ተፈቅዷል፣ ገንዘቡም ተይዟል፣ ፖሊስ ግን አልፈታም። ምን ይደረግ?

ደረሰኙንና የመፈቻ ትእዛዙን ይዘው ወደ ማረፊያ ቤቱ ይሂዱ፤ ደብዳቤውን የተቀበለው ክፍል በግልባጩ ላይ ቀንና ሰዓት ጽፎ እንዲፈርም ያድርጉ። አልቀበልም ካለ ያንኑ ይጻፉ። ከዚያ ትእዛዙን ወደ ሰጠው ችሎት ተመልሰው ኃላፊው ቀርቦ እንዲያስረዳ መጥሪያ እንዲወጣ በጽሑፍ ያመልክቱ። የሚሰጡት መልሶች ሁለት ዓይነት ናቸው። «ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሏል» ካሉ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ይታይ፤ ይግባኝ ማለት በራሱ ትእዛዝን አያግድም። ቁጥር 75 የሚናገረው ዋስትና ስለተከለከለ ሰው እንደሆነ ማስታወስም አይጎዳም፣ በተግባር ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ቢልም። «በሌላ ወንጀል ይፈለጋል» ካሉ ደግሞ አዲስ መያዣ ማለት አዲስ 48 ሰዓት ነው። ከበር ሳይወጣ እንደገና «ተያዘ» የተባለ ሰው በአዲሱ ጥርጣሬ ወዲያውኑ ችሎት መቅረብ አለበት። አዲሱ ጥርጣሬ ያው የድሮው ድርጊት ስሙ ብቻ ተቀይሮ ከሆነ ዳኛው የመጀመሪያውን መዝገብ አስቀርቦ እንዲያነጻጽር ይጠየቃል።

አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

ይህ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲፈታ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ነው። መሠረቱ ሁለት ነው፦ አንቀጽ 19(4) እና በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179። ሕጉ ሲወጣ ሥልጣኑን ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቶ ነበር። በፌዴራል ደረጃ አሁን በተግባር የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። በክልል ከመሄድዎ በፊት ሬጅስትራሩን ይጠይቁ፤ በተሳሳተ ፍርድ ቤት የባከነ ሁለት ቀን ለታሰረ ሰው ሁለት ቀን ነው።

ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፋል። በውስጡ ሰውዬው በማን እጅ እንዳለ፣ የተያዘበት ሁኔታና ቦታ፣ ይህን የሚያስረዱ ሰዎች ስም ይገባል። እስረኛው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ይምላል፤ ለምን እሱ እንዳልማለ ግን ይጻፍ። ፍርድ ቤቱ ሰውዬውን የያዘው አካል እስረኛውን ይዞ እንዲቀርብና የማይፈታበትን ምክንያት እንዲያስረዳ መጥሪያ ይልካል።

አቤቱታው የሚወድቅባቸው ስህተቶች ተደጋጋሚ ናቸው። አንደኛ፣ ተጠሪው ሲሳሳት፦ ሰውዬው ያለው በአንድ ጣቢያ፣ መጥሪያው የሄደው ለሌላ መሥሪያ ቤት ይሆንና «እኛ ዘንድ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። የት እንዳለ እርግጠኛ ካልሆኑ ተጠሪዎቹን ከአንድ በላይ ያድርጉ። ሁለተኛ፣ የጊዜ ቀጠሮ ትእዛዝ ያለበትን እስር በዚህ አቤቱታ መቃወም፦ ፍርድ ቤቱ «በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው የታሰረው» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ያንን መቃወሚያው ይግባኝ ወይም የዋስትና ጥያቄ ነው። ሦስተኛ፣ ፖሊስ መጥሪያው ሲደርሰው በዚያው ቀን ሰውዬውን ጊዜ ቀጠሮ ችሎት አቅርቦ ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። ይህን ለመከላከል የተያዘበትን ሰዓት የሚያሳየው ማስረጃ ከመጀመሪያው መያያዝ አለበት፤ ዘግይቶ የመጣ ትእዛዝ ያለፈውን መዘግየት ሕጋዊ አያደርገውም የሚለው ክርክር የሚቆመው በዚያ ላይ ነው።

ፖሊስ ያለ ማዘዣ ቤት መፈተሽ ይችላል?

አንቀጽ 26(1) ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን ከመመርመር፣ በግል ይዞታ ያለን ንብረትም ከመያዝ ይጠብቃል። «ይዞታ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል፦ ባለመብቱ በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው። ተከራይ ባለበት ክፍል አከራይ ቁልፍ ከፍቶ «ግቡ» ማለቱ የተከራዩን መብት አያስቀርም።

ደንቡ በፍርድ ቤት ማዘዣ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 32 በጠባቡ ያለ ማዘዣ የሚፈቅደው፦ የተያዘ ሰው በላዩ ላይ ማስረጃ አለ ተብሎ በበቂ ሲጠረጠር፣ እየተከታተሉት ያለ ተጠርጣሪ ቤት ሲገባ ወይም ዕቃ ሲጥል፣ እንዲሁም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ደርሶ ማዘዣ እስኪመጣ ማስረጃው ይሸሻል ተብሎ ሲታመን። የመጨረሻው ነው ተለጥጦ የሚነገረው። ጥቆማው ከሦስት ቀን በፊት የደረሰ ከሆነ «ማዘዣ ለማውጣት ጊዜ አልነበረም» የሚለው አይሠራም።

በር ላይ ማዘዣ ከታየዎ አድራሻውን፣ የሚፈለገውን ዕቃ፣ የዳኛውን ፊርማና ማኅተም ይመልከቱ። ፍርድ ቤቱ በተለየ ሁኔታ ካላዘዘ ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሴት የምትፈተሸው በሴት ብቻ ነው። በኃይል አይከላከሉ፤ ተቃውሞዎን ግን በቃል ይናገሩ። የተያዘው ዕቃ ዝርዝር በታዛቢ ፊት ይጻፍ፦ ስልክ ከሆነ ዓይነቱና የመለያ ቁጥሩ፣ ገንዘብ ከሆነ ተቆጥሮ። ባዶ መስመር በተተወበት ወረቀት ላይ አይፈርሙ፤ የማይስማሙበት ካለ ከፊርማዎ በላይ «ይህን ተቃውሜ» ብለው ይጻፉ።

ስልኬን ከፍቼ እንዳሳይ መገደድ እችላለሁ?

አንቀጽ 26(2) በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት እንደ ደብዳቤ ይጠብቃል። ስልክን እንደ ዕቃ መያዝና በውስጡ ያለውን ማንበብ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፤ ለአንዱ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አይበቃም ብሎ መከራከር ይቻላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በራይሊ ጉዳይ የተያዘን ሰው ስልክ ለማንበብ ማዘዣ ያስፈልጋል ያለው በዚሁ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ነው። በእኛ ሕግ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለብርበራና ለጠለፋ የፍርድ ቤት ትእዛዝን መነሻ ያደርጋል። አጣዳፊ ሆኖ ያለ ትእዛዝ ከተጠለፈ ምክንያቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መቅረብ አለበት። ያው አዋጅ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። ማን ለማን መቼ እንደደወለ ከእርስዎ ስልክ ውጭም ይገኛል ማለት ነው።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ አንቀጽ 19(2) ያለመናገር መብት ይሰጣል። ቁጥሩን ከአፍ ማውጣት መናገር ነው። በጣት አሻራ ማስከፈት ግን ለክርክር ክፍት ነው፤ ጣት አይናገርም የሚል ዐቃቤ ሕግ አይጠፋም።

በሕገወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ ውድቅ ይሆናል?

ብዙ ሰው ይሆናል ብሎ ያምናል። ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ውድቅ ያደረገው በማስገደድ የተገኘን የእምነት ቃል ነው፣ አንቀጽ 19(5)። ለዕቃ ማስረጃ እንዲህ ያለ ጠቅላላ ደንብ አልተጻፈም። ስለዚህ መከራከሪያው በሁለት መልክ ቢቀርብ ይሻላል፦ አንደኛ ማስረጃው እንዳይገባ፣ ሁለተኛ ገብቶም ቢሆን ያለ ማዘዣና ያለ ታዛቢ ስለተያዘ ክብደት እንዳይሰጠው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሰማል።

የእምነት ቃልም ሁለት ቦታ ይሰጣል፦ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለፖሊስ በቁጥር 27፣ ለፍርድ ቤት በቁጥር 35። በዳኛ ፊት የተሰጠውን በኋላ ማፍረስ ከባድ ስለሆነ፣ የተደበደበ ሰው ያንን ቃል ከመስጠቱ በፊት ለዚያው ዳኛ ጉዳቱን ማሳየትና የሕክምና ምርመራ እንዲታዘዝለት መጠየቅ አለበት። ቁስል በሁለት ሳምንት ይድናል፣ መዝገብ ግን ይቆያል።

መብቴን የጣሰው ፖሊስ ሳይሆን ግለሰብ ወይም አሠሪ ቢሆንስ?

አንቀጽ 26(3) የሚያተኩረው በመንግሥት ባለሥልጣናት ላይ ስለሆነ በግለሰብ ላይ የሚሠራው በሌሎች ሕጎች ነው። የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ ማሳየትንና መሸጥን ይከለክላል፤ ቁጥር 28 ደግሞ ታዋቂ ሰው፣ የመንግሥት ሥራና የሕዝብ ሥነ ሥርዓት የመሰሉ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 604 ቤት መድፈርን፣ ቁጥር 606 የደብዳቤና የግንኙነት ምስጢር መድፈርን ይቀጣል። መረጃ ሰብሳቢ ድርጅቶችን የሚመለከተው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እነዚህ መብቶች ይቀራሉ?

ሊገደቡ ይችላሉ። አንቀጽ 93(4) የማይነኩ ብሎ የዘረዘራቸው አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39(1) እና (2) ናቸው። አንቀጽ 17፣ 19 እና 26 በዝርዝሩ የሉም። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን በየትኛውም ጊዜ ይሠራል። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ቤተሰቡ የት እንዳለ ላላወቀ ሰው የመጀመሪያው ደጅ ይህ ነው። ፍርድ ቤትም ሰውዬው በእርግጥ በአዋጁ ሥር በተሰጠ ሥልጣን መያዙንና አዋጁ የሚሸፍነው ድርጊት መሆኑን መጠየቅ ይችላል።

ያለ አግባብ የታሰረ ሰው ካሳ ይጠይቃል?

ሕገ መንግሥቱ የእስር ካሳን በስም አይጠቅስም፤ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን በአንቀጽ 9(5) ይጠቅሳል። በአገር ውስጥ ሕግ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2040 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሰውን ነፃነት መንካት፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ጥፋት ነው ይላል። ጥፋቱ በሥራ ላይ የተፈጸመ ሲሆን መንግሥትን በቁጥር 2126 መክሰስ ይቻላል። በወንጀል በኩል ሕገወጥ መያዝና ማሰር በወንጀል ሕጉ ቁጥር 423 ያስቀጣል። የካሳው ክስ ግን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143፤ ድርጊቱ ወንጀልም ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይያዛል። የወንጀል ክሱ እስኪያልቅ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱ ዓመት ሳያውቀው እንዳያልፍበት ቀኑን ከተፈታበት ሳይሆን ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ቢቆጥር ይጠነቀቃል።